ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው ተፈታኝ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬንም ወንበሬንም አልቀየርኩም። ሰው ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት ግን አንዴ ቆም ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም በዝርዝር አላወራሁትም፤ ምክንያቱም ታሪኩ እኔን አያስመሰግንም። የሚያስመሰግነኝንማ ስንቴ አውርቼዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ትውልዴ አዳማ ነው። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ብርዱን ግን ዛሬም አልለመድኩትም፣ ቢሮ ውስጥ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀመጠው። ከዚህ በፊት አስተማሪ ነበርኩ። ፈተና ክፍል ስገባ ተማሪው ሁሉ ሳልናገር እጁን ጠረጴዛ ላይ ያወጣ ነበር። ኩረጃ ከሩቅ ይሸተኛል። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁን ሳስበው አብዝቼዋለሁ።

ድርጅታችን ሥራ ፈላጊዎችን በኢንተርኔት መፈተን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ድሮ በወረቀት ነበር፤ አንዴ ጥያቄው ቀድሞ ወጥቶ ጉድ ሆንን። በዚያ ላይ ሰዉ ከደነባም ከጎረቤላም ለአንድ ሰዓት ተኩል ፈተና ብሎ መንገድ ይመታ ነበር።

አዲሱ አሠራር ቀላል ነው። ተፈታኙ ባለበት ሆኖ ኮምፒውተር ይከፍታል። ካሜራውና ማይክሮፎኑ ክፍት ይሆናሉ፤ ፈተናው እስኪያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ነገር መክፈት አይቻልም። መታወቂያውን ለካሜራው ያሳያል፣ ክፍሉን አዙሮ ያሳያል፣ በሩን ይዘጋል። እኔ ቢሮዬ ሆኜ ሁሉንም በትናንሽ መስኮት አያቸዋለሁ። ፕሮግራሙም የራሱ ዓይንና ጆሮ አለው። ሰው ከወንበሩ ሲነሳ፣ ፊቱን ሲያዞር ወይም ድምፅ ሲሰማ በተፈታኙ ምስል ላይ ቀይ ምልክት ያበራል።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ በሦስተኛው ፈተናው ይቋረጣል። ተፈታኙ የሚደርሰውን ጽሑፍ እንኳ ቃል በቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ዓመት አንዱን እጅ ከፍንጅ ይዣለሁ። ሰውዬው ጥያቄውን ቀስ ብሎ ድምፅ እያወጣ ያነባል፤ መጋረጃ ጀርባ የተደበቀው ወንድሙ መልሱን በጣቱ ያሳየዋል። ዓይኑ ሲመላለስ አይቼ "እስኪ መጋረጃውን ይግለጡት" ብዬ ጻፍኩለት። ወንድምየው ጣቱን እንደቀሰረ ብቅ አለ። ይህን በየሻይ ሰዓቱ ስናወራው ከረምን። አለቃችን አቶ ግርማ "ሙሉ ካለች ካሜራም አያስፈልግም" ይል ነበር። ሙሉ እኔ ነኝ።

የኅዳሩ ፈተና ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለጥሬ ዕቃ መጋዘን መዝጋቢ። ስምንት ሰዎች ቀረቡ። አንዷ እታፈራሁ ትባላለች፣ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ከተማ።

ማመልከቻ ቅጹ ላይ "ቢቀጠሩ ደብረ ብርሃን ለመኖር ፈቃደኛ ነዎት?" የሚል ጥያቄ አለ። ሌላው ሰው "አዎ" ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን እንዲህ ብላ ሞልታ ነበር፤ "ባለቤቴ ደብረ ብርሃን በፈረቃ ይሠራል። በእሱ ደመወዝ ብቻ ቤት ተከራይተን አብረን መኖር ስላልቻልን ተለያይተን ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። ልጃችን አባቷን የምታየው በዓል ሲመጣ ነው። በጣም ፈቃደኛ ነኝ።" አነበብኩት። ችግር የሌለበት ማን አለ ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ፈተናው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። እታፈራሁ የተቀመጠችው አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ካሜራው ሲከፈት ብድግ ብላ "እንደምን አደራችሁ" አለች። እሷ እኮ የምታየው የራሷን ምስል ብቻ ነው፤ እኛን አታየንም። ክፍሉን ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር አዙራ አሳየችኝ። መጋረጃ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቀዩ ምልክት በራባት።

መስኮቷን አጉልቼ አየኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማይክሮፎኑም የሆነ ጉርምርምታ ይዟል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ዓይኗ ከስክሪኑ አይነቀልም፣ ከንፈሯ ደግሞ አያርፍም። "አገኘሁሽ" አልኩ በሆዴ። የመጋረጃው ወንድም ትዝ አለኝ። በሩ ላይ ጆሮውን የለጠፈ ሰው አለ፣ ካልሆነም ነጠላዋ ሥር ስልክ ተከፍቷል ብዬ ደመደምኩ።

የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ላክሁላት። "በፈተና ላይ መናገር ክልክል ነው። እባክዎ ድምፅ አያሰሙ።" ጽሑፉ ሲወጣባት ደንገጥ አለች። ወዲያው ግን፣ እኔ እያየኋት፣ ከንፈሯ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ምን ዓይነት ደፋር ናት አልኩ።

ከዚያ በኋላ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ስትዘጋው ደግሞ ፍጥነቷ ወረደ። አንድ ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ትቆያለች። ያነበበችውን መልሳ ታነባለች፣ ግንባሯን ታሻለች። መልስ ነጋሪው ስለተቋረጠባት ነው ብዬ ይብሱን እርግጠኛ ሆንኩ። ጥቂት ቆይታ ሳታስበው መሰለኝ ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ጉርምርምታው ተመለሰ፣ እሷም ፈጠነች። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ላክሁ። አሁንም ጽሑፉ ገና ከመውጣቱ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ይሄኔ የነጠላዋን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችና በጥርሷ ነከሰችው።

ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልነበረም። አፍ መሸፈን በደንባችን ክልክል ነው። ሦስተኛውን ተጫንኩት። ስክሪኗ ላይ "በማጭበርበር ምክንያት ፈተናዎ ተቋርጧል" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ነጠላውን ከአፏ አወጣች። ጽሑፉን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ጎንበስ አለችና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ካሜራውን ዘጋች።

ትንሽ ከነከነኝ። ሰው ሲያዝ ይምላል፣ ይጮሃል፣ አንዳንዱም ይሰድበኛል። ይቺ አመስግና ሄደች። ቢሆንም የቀሩት ሰባቱ ፈተናቸውን ሲጨርሱ እኔም ሻዬን ጠጣሁና ረሳኋት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ግርማ ጠራኝ። ፈተናው የተቋረጠበት ሰው ለሁለት ዓመት እንዳያመለክት ስለሚታገድ ፋይሉ ውስጥ በቂ ማስረጃ ይቀመጥ ተብሏል አለኝ። "ቅጂው አለ አይደል? ምን ምን እንዳለች ቃል በቃል ጻፊልኝ። ሐሙስ ጠዋት ውጤቱን እንለጥፋለን።"

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። መጀመሪያ የሰማሁት የጥያቄ ቁጥር አንድን ጽሑፍ ነው። "በአንድ መጋዘን ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ጆንያ ገብስ ነበር" እያለች ታነባለች። ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ መልስ የሚነግራትን ሰው ድምፅ ጠበቅሁ። የለም። ዝም አለች፣ መልሱን መረጠች፣ ወደ ቀጣዩ አለፈች። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አነባበቧ ዜማ ነገር አለው፤ ሐረጉ ሲያልቅ ድምፅዋን ወደ ታች ጣል ታደርገዋለች።

እንዲህ እያልኩ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የተላከበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ትንሽ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ በዚያው ለስለስ ባለ ዜማ "በፈተና ላይ መናገር ክልክል ነው፤ እባክዎ ድምፅ አያሰሙ" ስትል ሰማኋት።

መልሼ ሰማሁት። ወደ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሄድኩ፤ እሱንም አንብባዋለች። ዝም በይ ብዬ የጻፍኩላትን ለማንበብ አፏን መክፈት ነበረባት። እኔ ደግሞ አፏ ሲከፈት አይቼ ድፍረት ነው አልኩ።

ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው፤ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፣ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ። ማዳመጫውን ሰጠሁት። ለጥቂት ጊዜ አዳመጠና ፈገግ አለ።

"እትዬ ሙሉ፣ ይቺ ንባብ የለመደችው አስኳላ አይደለም" አለኝ። "እኛ ልጆች ሆነን ቁርአን ስንቀራ ድምፃችን ከጠፋ ኡስታዙ 'ተኝተሃል' ብለው በአለንጋ ነበር የሚያነቁን። የቄስ ትምህርት ቤቶቹም ያው ናቸው። ሠላሳ ልጅ ባንድ ላይ፣ ሁሉም የየራሱን ይጮሃል፤ መምህሩ ስህተቱን በጆሮ ነው የሚለቅመው። ወላሂ እኔ አፌን ገጥሜ ማንበብ የተማርኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው። አሁንም ከባድ ነገር ሲገጥመኝ ያመልጠኛል።"

እኔ አዳማ ከተማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት የገባሁ ሰው ነኝ። የቄስ ትምህርት ቤት የማውቀው በስም ነው። የእታፈራሁን ማመልከቻ አወጣሁ። የትምህርት ዝርዝሯ መጀመሪያ ላይ "ፊደል፣ ንባብና ዳዊት፣ ከአባቴ ከመሪጌታው ጋር" የሚል መስመር አለ፤ የሒሳብ መዝገብ ዲፕሎማዋ የተጻፈው ከዚያ በታች ነው። ያን ጊዜ ይሄ ደግሞ ለመጋዘን ምን ያደርጋል ብዬ ዘልዬው ነበር።

ገባኝ። እሷ ባደገችበት ቤት አላነበበም የሚባለው ዝም ያለው ልጅ ነው። ድምፁ የተሰማው ደግሞ ጎበዙ ነው። የተማረችውን በደንብ ስለተማረች ነው ያባረርኳት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሰምቼ እንደጨረስኩ ወደ አቶ ግርማ አልሮጥኩም። ሰኞን ሙሉ ዝም አልኩ። ሰይድንም "ለጊዜው ካንተ አይለፍ" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ሄደ፤ ዓይኑን ግን ማየት ከበደኝ። ልጅቷ አላመለከተችም፣ አልደወለችም፣ ማን ይጠይቀኛል? ደንቡ የእኔ፣ ስሙ የእኔ። ካሜራ አያስፈልጋትም የተባልኩ ሴትዮ ካሜራውን ይዤ ተሳሳትኩ ብዬ እንዴት እናገራለሁ? እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። ፋይሉን ለመዝጋት ማክሰኞ ጠዋት ስገልጠው ያ "በጣም ፈቃደኛ ነኝ" የሚለው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንጀቴን በላችው። ተነሥቼ ሄድኩ።

አቶ ግርማ እስክጨርስ ሰማኝ። "ሙሉዬ፣ አሁን ይሄን ብንከፍተው ሌላውም ይነሣብናል" አለ። ትንሽ ካሰበ በኋላ ግን "ዝርዝሩ ሐሙስ ጠዋት ይለጠፋል። ከዚያ በፊት ከተፈተነች ትወዳደር። ካልሆነ ቦታው ከሰባቱ አንደኛ ለወጣው ልጅ ተሰጥቶ ያልቃል" አለኝ።

ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከሥራ ስወጣም ዝግ ነው። ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፔን በቦርሳ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሁለት ሰው ጠይቄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ብሎ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሄድኩ።

ጎረቤላ ስደርስ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ማግኘት አላስቸገረኝም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ሱቁን ዘግቶ እስከ ቤቷ ሸኘኝ። "ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም" አለኝ መንገድ ላይ።

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ገብስ ትለቅማለች፤ አራት ዓመት የሚሆናት ልጇ አጠገቧ አለች። "ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት፣ ከፈተናው" ስላት ፊቷ አመድ መሰለ። ተነሥታ ቆመች።

"ልትከሱኝ ነው?" አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "ኧረ አይደለም፣ ልፈትንሽ ነው። ስህተቱ የእኛ ነው" አልኳት። የእኛ ነው ያልኩት። የእኔ ነው ለማለት ያን ጊዜ አፌ አልታዘዘኝም። ድምፅ አውጥተሽ ማንበብሽን እንደ ማውራት ቆጥረንብሽ ነው ብዬ አስረዳኋት። የገባት አይመስለኝም፤ የምትጠይቀው "እውነት ልፈተን ነው?" እያለች ብቻ ነው።

እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ተቀመጥን። ሰይድ በደብረ ብርሃን በኩል ከጥያቄ ክምችታችን ሌላ ፈተና አውጥቶ ካሜራውን ይጠብቃል፤ እኔ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ማንም አለመኖሩን አያለሁ። "እንደለመድሽው ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ" አልኳት። የማሾፍባት መሰላት።

"ክልክል ነው እኮ" አለች።

"ዛሬ ተፈቅዷል።"

አላመነችኝም። አፏን ግጥም አድርጋ ጀመረች። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሦስት ደቂቃ ፈጀች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየዋለሁ። ደግሞ እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሲሄድ ሳይ አላስቻለኝም። እጇን ያዝኩና "እታፈራሁ፣ እኔ ነኝ የምልሽ፣ አንብቢ" አልኳት።

ፈራ ተባ እያለች ጀመረች። ሁለት ሦስት ጥያቄ እንዳለፈች ድምፅዋ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዛት። እነዚያን ጥያቄዎች አብዛኞቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጆንያና የኩንታል ሒሳብ እንደዚያ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀራት ጨረሰች።

ውጭ ቆመን ጠበቅን። ሰይድ ደወለ። "አልሐምዱሊላህ፣ ከስምንቱም አንደኛ ናት" አለኝ። ለአቶ ግርማም ነግሮታል፤ እሱም ስሟን አስገብቷል።

ስነግራት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ስልክ ለምና ባሏ ጋ ደወለች። የራሷን ስልክ የዘጋችው ለካ በየማታው ስለሚደውልላት ነው፤ አጭበርብረሻል ተብዬ ተባረርኩ ብላ ልትነግረው አልቻለችም። "እኔ ነኝ" አለችው። "ቤት ፈልግ።" ሌላ አልተናገረችም። ባልየው ወዲያ ማዶ ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትስቅ ነበር።

ልደብቅ አይገባም፤ ደስ አለኝ። ለራሴም አጨበጨብኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሉን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር፣ እኔ ግን እዚህ ድረስ መጣሁ አልኩ። ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ልሂድ ብላትም እህል ሳልቀምስ አትሄጂም ብላ አልለቀቀችኝም። ቤቷ ገባን። ጾም ስለነበር ሽሮ አቀረበችልኝ።

ልትቀመጥ ስትል ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ ስትል አየሁ። "ምን ሆነሽ ነው? ወደቅሽ እንዴ?" አልኳት።

አፈረች። "ስግደት ነው" አለች። "ንስሐ አባቴ ሰጥተውኝ ነው። ለሰባት ቀን፣ በቀን አርባ አንድ። ሰንበቶቹ አይቆጠሩም።"

ለምን እንደሆነ መጠየቅ አይገባኝም ነበር። ጠየቅኋት።

"ለፈተናው ነዋ። አጭበረበርኩ ብዬ ተናዘዝኩ።"

"አላጭበረበርሽም እኮ!"

"እኔም አላጭበረበርኩም ብዬ ነበር" አለች ሽሮውን ወደ እኔ እየጠጋች። "ግን ተጽፎ መጣልኝ። የተጻፈ ነገር ሐሰት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እኔ ያላወቅሁት ጥፋት ቢኖርብኝ ነው አልኩ። ደግሞ አትናገሪ እየተባልኩ ተናግሬያለሁ።"

እጄን ከመሶቡ መለስኩ። ያን ጽሑፍ ቃል በቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጋቢ ተጠቅልዬ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት። ይቺ ሴት ላልሰረቀችው ነገር ይቅርታ እየጠየቀች መሬት ላይ ስትወድቅ ሰንብታለች።

"እታፈራሁ" አልኳት፣ "ቅድም የእኛ ስህተት ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። እኔ ነኝ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ፣ ያቋረጥኩብሽም እኔ። ካወቅሁ በኋላም አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።" በሃምሳ ዓመቴ ለተፈታኝ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

"ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይበሉኝ" ብላ ግራ ገባት። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲላት መቀመጥ ከበዳት፤ በዚያ ጉልበቷ ልትነሣ ስትል ያዝኳት።

"ስንት ቀን ቀረሽ?" አልኳት።

"ሦስት።"

"ይቅርብሽ። ከፈለግሽ አባን እኔ ራሴ ሄጄ ላስረዳቸው።"

"እነግራቸዋለሁ" አለች። "ግን ከጀመርኩት ከመንገድ መተው ደስ አይለኝም።" ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ እየፈራች፣ "ካልከፋዎት የቀረውን ለእርስዎ ላድርግልዎ" አለችኝ።

ሽሙጥ አልነበረበትም። ወጥ ልጨምርልዎ እንደሚባለው ነው ያለችው። አልከለከልኳትም።

ዛሬ እታፈራሁ መጋዘናችን ውስጥ ትሠራለች፤ ከባሏና ከልጇ ጋር ከገበያው በላይ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ደንቡንም ቀይረነዋል። ድምፅ ሲሰማ ከማቋረጣችን በፊት ሁለት ሰው ቅጂውን ያዳምጣል፤ "ማጭበርበር" የሚለውን ቃልም ከጽሑፉ ላይ አውጥቻለሁ። ያን ሐሙስ ጠዋት ውጤቱ ሲለጠፍ አቶ ግርማ ሰው ፊት "ሙሉ ባትኖር ኖሮ" ብሎ አመሰገነኝ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ከስግደቱ ሐሙስ፣ ዓርብና ሰኞ ነበር የቀራት። ሦስቱንም ቀን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። በዚያ ብርድ ጎረቤላ ላይ አንዲት ሴት በታመመ ጉልበቷ ስለ እኔ ትሰግዳለች። እኔ በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ሁለቱን ጠዋት ተገላብጬ አሳለፍኩ። ሰኞ ዕለት አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ወለሉ ላይ ወረድኩ። ልጅ ሆኜ እናቴ ስትሰግድ ካየሁት በቀር ልምዱ የለኝም። አርባ አንድ አልሞላልኝም፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። የቀረውን እሷ ጨርሳልኛለች።